ለቆቅ ማድፈጥ፤ ከጭራ አሽክላ እስከ ካሜራ

ባለፈው ዓመት ኅዳር የመጀመሪያዎቹን አራት ማለዳዎች ያከሸፈብኝ ነጭ ጋቢዬ ነበር። ከደሴ ወደ ኩታበር በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ በሚገኘው የአጎቴ መንደር፣ ከገደሉ ጠርዝ ላይ ካሜራዬን ታቅፌ ሳደፍጥ፣ ለብርዱ ብዬ የተከናነብሁት ጋቢ ገና ጎህ ሲቀድ ከሩቅ እያሳበቀብኝ እንደነበር አላስተዋልሁም። ቆቆቹ ከታች ከክትክታው ውስጥ ሲጮኹ እሰማለሁ፤ ወደ ማሳው መውጫቸው ሲደርስ ግን ድምፃቸው ይጠፋና ቆይቶ ከእኔ ርቆ በሌላ በኩል ይሰማል። በአራተኛው ቀን ምንም ሳላነሳ ስመለስ አጎቴ በረቱ አጠገብ ቆሞ ጠበቀኝና፣ «አንተ ልጅ፣ ጋቢህ ከዚህ ሆኜ ለእኔ ለሽማግሌው ይታየኛል፤ እሷማ እንዴት አታይህም? በል ነገ የእኔን በርኖስ ልበስ» አለኝ።

የማወራው በወሎ ደጋ ገደላማ ሥፍራ ስለምትገኘው ትልቋ ቆቅ ነው። አናቷ ቡናማ ቀይ፣ ግንባሯ ጥቁር፣ ጉሮሮዋ ነጭ ነው፤ አውራው ክብደቱ ወደ 1 ኪሎ ግራም ተኩል የሚደርስ ሲሆን በየእግሩ ሁለት ሁለት ሹል አለው። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፐል እ.ኤ.አ. በ1835 ለሳይንስ ያስተዋወቃት ይህች ወፍ የተፈጥሮ አገሯ ኢትዮጵያ፣ ኤርትራና ሱዳን ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 ግን ለአደን ተብላ ወደ ሃዋይ ተወስዳ እዚያው ስለተራባች፣ ዛሬ የዚያ አገር አዳኞች ተርኪ ከሚባለው ትልቅ የዱር ወፍ ጋር ያድኗታል። ተርኪና ቆቅ ከአንድ ቤተሰብ የሚመደቡ ናቸውና፣ የተርኪ አዳኞች የሚሰጡትን ምክር ሳነብ ብዙው የአጎቴን ቃል ያስታውሰኝ ነበር።

እኔ ቆቅን ያወቅሁት በወጥመድ ነው። በልጅነቴ አጎቴ አሽክላውን የሚሠራው ከፈረስ ጭራ ሲሆን፣ ጭራውንም የሚነቅለው ከወንዱ ፈረስ ብቻ ነበር፤ የባዝራ ጭራ ሽንት ስለሚነካው ቶሎ ይበጠሳል ይላል። አራት አምስት ጭራ ያሰባስብና ጭኑ ላይ በመዳፉ እያንከባለለ ይገምደዋል፤ አንዱን ጫፍ ቋጥሮ ትንሽ ዓይን ያወጣለታል፤ ሌላውን ጫፍ በዚያች ዓይን ሲያሾልከው ሸምቀቆ ይሆናል። ሸምቀቆውን አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ ገጥመው ከሚሠሩት ክብ አስበልጦ አይከፍተውም፤ ከመሬትም ሁለት ጣት ያህል ብቻ ከፍ አድርጎ ከችካል ጋር ያስረዋል። እንዲህ የሚጠነቀቀው ወፏ በእግሯ እንጂ በአንገቷ እንዳትያዝ ነው። ቤታችን የሙስሊም ቤት ስለሆነ፣ ታንቆ የሞተም ሆነ በድንጋይና በዱላ ተመትቶ የሞተ አይበላም፤ በሕይወት ተይዛ «ቢስሚላህ» ተብሎ መታረድ አለባት። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም ሳይታረድ የሞተ አይበሉም ነበርና፣ መንደሩ ሁሉ ከወንጭፍ ይልቅ አሽክላን ይመርጥ ነበር። «ቆቅ ወዲያ ምዝግዝግ ወዲህ» የሚለው ተረት የተወረወረ ዱላ ስለ መሳቱ ይናገራል፤ በእኛ ቤት ግን ምዝግዝጉ ባይስትም ወፏ ሞታ ከተገኘች ያው ከንቱ ልፋት ነበር።

ዛሬ አሽክላ አልዘረጋም። የአገሪቱ የዱር እንስሳት ሕግ ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳትን ማደን ይከለክላል፤ ከሕጉም በተጨማሪ፣ ክትክታውና ጥዱ እየተመነጠረ በሄደበት በዚያ ገደል፣ በልጅነቴ ሦስትና አራት አውራ ሲቀባበሉ እሰማበት ከነበረው ሥፍራ አሁን የሚጮኸው አንድ ብቻ ነው። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። ካሜራ የያዝሁትም ያቺን ወፍ በሕይወት እንዳለች አይቼ ለማሳየት ስለፈለግሁ ነው።

በርኖሱን ከለበስሁ በኋላ የገባኝ ዋናው ነገር ቆቅን መከተል እንደማይገባ ነው። ከመብረር ይልቅ መሮጥ ትመርጣለች፤ ሰው ከተከተላት በቁጥቋጦው ውስጥ ሽቅብ ትሮጥና ጠርዙ ላይ ስትደርስ ቁልቁል ወደ ገደሉ ትወረወራለች፤ ያን ጊዜ የዕለቱ ሥራ አበቃ ማለት ነው። ቀድሞ ደርሶ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ቀድሞ ለመድረስ ደግሞ መምጫዋን ማወቅ ግድ ስለሆነ፣ ሥራው የሚጀመረው በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ነው። ወደ 9 ሰዓት ገደማ፣ ወፎቹ ጥላ ሥር በሚያርፉበት ጊዜ፣ ገብሱ የታጨደበትን ማሳ ዳር ዳሩን እየዞርሁ የጫሩበትን አያለሁ። ቆቅ ስትጭር አፈሩን ወደ ኋላዋ ስለምትበትን፣ የተበተነው አፈር ከየት ወደ የት ትሄድ እንደነበር ይነግራል። ኩሱ ገና ያልደረቀ ከሆነ የዚያን ዕለት ነው፤ አቧራ የታጠበችበት ትንሽ ጉድጓድ ላባ ከተገኘበት ደግሞ ተመልሳ መምጣቷ አይቀርም። አጎቴ አሽክላውን ይተክል የነበረው እነዚህን ምልክቶች እያየ ነው፤ እኔም መቀመጫዬን የምመርጠው በእነሱው ነው።

የተርኪ አዳኞች ከትከሻ በሚሰፋ ግንድ ላይ ጀርባን አስደግፎ መቀመጥን ይመክራሉ፤ የሰውን ቅርጽ ይደብቃል፣ ከኋላ ከሚመጣ የሌላ አዳኝ ጥይትም ይከላከላል። ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊም አይለብሱም፤ የአውራ ተርኪ ራስ እነዚህን ቀለማት ስለሚይዝ አዳኝ አዳኙን በስሕተት እንዳይመታው ነው። እኔ ጥይት ባይመጣብኝም ግንዱን ወድጄዋለሁ። ያረጀ ጥድ ሥር፣ ፀሐይ ከጀርባዬ እንድትወጣ አድርጌ፣ ወፏ ታልፍበታለች ካልሁት መስመር 15 ሜትር ርቄ ተቀመጥሁ።

ርቀቱን የወሰንሁት አስቤበት ነው። ቁመቷ 40 ሴንቲ ሜትር የሆነች ወፍ ከ15 ሜትር ላይ በ300 ሚሊ ሜትር ሌንስ ስትነሳ፣ ትልቅ ሴንሰር (ብርሃን የሚቀበለው ክፍል) ባለው ካሜራ የፎቶውን ቁመት ሲሶ ያህል ትሞላለች። ባለ 400 ሚሊ ሜትር ሌንስ ያንኑ መጠን ከ20 ሜትር ላይ ይሰጣል፤ ስለዚህ በብዙ ገንዘብ የሚገዛው አምስት ሜትር ነው። እኔ የዋዜማውን ዱካ በደንብ ማየት ከዚያ የበለጠ እንደሚያቀርብ ስላየሁ ባለኝ ሌንስ ረክቻለሁ። በባይኖኩላር (በሩቅ ማያው መነጽር) ግን ቆጥቤ ተጎድቻለሁ። መጀመሪያ የገዛሁት ጠባብ ባለ 10×25 (ፊተኛው ቁጥር ማጉያው፣ ኋለኛው የፊተኛው መስታወት ስፋት በሚሊ ሜትር ነው) ስለነበር ጎህ ሲቀድ ቁጥቋጦውና ወፉ አይለዩልኝም ነበር፤ በኋላ የተዋስሁት 8×42 ግን ማጉያው ቢያንስም ብርሃን በብዛት ስለሚያስገባና በእጅ ሲያዝ ብዙ ስለማይንቀጠቀጥ፣ ከ12 ሰዓት በፊት እንኳ የነጩን ጉሮሮ እንቅስቃሴ ያሳየኛል። ለማለዳ አደን የሚገዛ ሰው አስቀድሞ የፊተኛውን መስታወት ስፋት እንዲያይ እመክራለሁ።

ሌላው ሁሉ የድምፅ ነገር ነው። የኮንጎ ጫማ ጤዛ ሲነካው ያንጫጫል፤ ስለዚህ ወፍራም ካልሲ አድርጌ ጫማዬን ከግንዱ ሥር አወልቃለሁ። ብርድ ባትሪ ስለሚያደክም መለዋወጫውን ብብቴ ውስጥ እይዛለሁ። አንድ ጊዜ ደግሞ የአውራ ጩኸት በስልክ አሰምቼ ነበር፤ አውራው ወዲያው እየሮጠ መጣ፣ ባላጋራውን ፍለጋ ግንዱን እየዞረ ተንገላታ፣ ለሁለት ማለዳም ከዚያች ድንጋይ ላይ አልጮኸም። ዳግመኛ አላደረግሁትም፤ አንድ አውራ ብቻ በቀረበት ገደል ይህን ማድረግ በደል ሆኖ ይሰማኛል።

በዘጠነኛው ማለዳ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ተቀምጬ እግሬ ሲደነዝዝ፣ አውራው ከክትክታው ወጥቶ ካሰብሁት መስመር ሦስት ሜትር ያህል ቀርቦኝ ድንጋይ ላይ ወጣ። የትንፋሼ ጉም በሌንሱ ፊት እንዳያልፍ አፌን በበርኖሱ ጠርዝ ሸፍኛለሁ። አንገቱን አሰገገ፣ ወደ እኔ አየ፣ እኔም ዓይኔን ሳልነቅል ቆየሁ። ከዚያ መጮኽ ጀመረ፤ ድምፁ ከላይ ተነሥቶ እየወረደ ሲሄድ መላ ሰውነቱ፣ እስከ ጅራቱ ላባ ድረስ ይንቀጠቀጣል። ካሜራውን የተጫንሁት በሚጮኽበት ጊዜ ብቻ ነበር፤ የራሱ ድምፅ የካሜራውን ቀጭታ ይሸፍንልኛል። ዝም ሲል እኔም እጄን አነሣለሁ። ሰባት ፎቶ አነሣሁ፤ እሱም ጨርሶ፣ ሳይደነግጥ፣ በእግሩ ወደ ማሳው ወረደ።

ቤት ስደርስ አጎቴ መነጽሩን አድርጎ ፎቶዎቹን ለማየት ካሜራውን ተቀበለኝ። «አያ፣ ከ12 ሜትር ላይ ነው ያነሳሁት» አልሁት። አልመለሰልኝም። በጣቱ ወደ ወፉ እግር እያመለከተ እንዳጎላለት ጠየቀኝና፣ ሹሎቹን አንድ ሁለት፣ አንድ ሁለት ብሎ ቆጠረ። «ይኸማ ያረጀው ነው፤ ሹሉ ረዝሟል» አለ፤ ካሜራውንም ሳይመልስልኝ እንደገና ከመጀመሪያው ፎቶ ጀመረ።