ሁለት ምልክት

ዛሬ ልጄን ልወስድ ስሄድ ትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አገኘኋት። አንድ አባት መጽሐፍ ሊመልስ ቆሟል። ቀኑ አልፎበታል። ቅጣት አለ ብሎ መሰለኝ ኪሱን ይዳብሳል።

"ልጁማ ጨርሶታል። ያልጨረስኩት እኔ ነኝ" አለ፣ እያፈረ።

ሠራተኛዋ መጽሐፉን ገለጥ አደረገችው። ውስጡ ሁለት ምልክት አለ። መጨረሻው ገጽ ላይ በቀለም እርሳስ ዓሣ የተሳለበት ቁራጭ ወረቀት። መሃል ላይ አራት ቦታ የታጠፈ ደረሰኝ። ምንም ሳትል አዲስ የመመለሻ ቀን ማኅተም መታችበትና መልሳ ሰጠችው።

መዝገቡ ላይ ያለው የልጁ ስም ብቻ ነው። ቤት ውስጥ ስንት ሰው እንዳነበበው ማን ይቆጥራል? (እኔም የልጄን መጽሐፍ እሷ ስትተኛ ነው የማነበው።)

ልጄ ሁሉን ሰምታለች። "እማ፣ ላንቺም ልዋስልሽ?"