«ውድ ገብረ»

የግማሽ ሰዓት ሥራ መስሎኝ ነበር። የአንድ ሱቅ ደንበኞች ስም ከነአባታቸው በአንድ ኮለም ተቀምጧል። ባለቤቷ ለፋሲካ «ውድ አልማዝ፣ እንኳን አደረሰዎ» የሚል የስልክ መልእክት መላክ ፈለገች። እኔ የምፈልገው የመጀመሪያውን ስም ብቻ ነው።

ስሞቹ የተቀመጡበት ዳታቤዝ (የመረጃ ማከማቻ) ማይኤስኪውኤል የሚባለው ነው። ጽሑፍ የሚቆርጥ ሰብስትሪንግ ኢንዴክስ የሚባል ፈንክሽን (ዝግጁ ትእዛዝ) አለው። ጽሑፉን፣ መለያውን፣ ስንተኛው መለያ ጋ እንደሚቆርጥ ትነግሩታላችሁ። ስሙን፣ ክፍት ቦታንና 1ን ሰጠሁት። «አልማዝ ከበደ» ገብቶ «አልማዝ» ወጣ።

በ«አቶ» የሚጀምር ካለ ብዬ ደግሞ የተቆረጠው ርዝመት ከ3 በታች የሆነውን፣ ርዝመት በሚለካው ፈንክሽን በሌንግዝ ፈለግኩ። አንድ ባዶ ብቻ መጣ፤ ከስሙ ፊት ክፍት ቦታ ነበረ። ከዳር ያለ ክፍት ቦታ በሚያነሳው በትሪም አጸዳሁትና ላክሁ።

ብዙም ሳይቆይ ስልክ ተደወለ። «ልጄ፣ ገብረ ማነው? እኔ ገብረ መድኅን ነኝ!» «ውድ ወ/ሮ» የደረሳቸውም ነበሩ። «ውድ አቶ»ም አልቀረም።

ፍተሻዬ ለምን እንዳለፋቸው ቆይቶ ገባኝ። ሌንግዝ የሚቆጥረው ፊደል ሳይሆን ባይት፣ ማለትም ጽሑፉ በኮምፒውተሩ ውስጥ የሚይዘው ቦታ መለኪያ ነው። ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የፊደል ማስቀመጫ ዘዴ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ «አቶ» ለሱ 6 ነው። ፊደል የሚቆጥረው ካር ሌንግዝ ነው። «ወ/ሮ»ን ግን እሱም አይዝልኝም ነበር፤ 3 ነዋ።

ማዕረጎቹን ከመቁረጤ በፊት አነሳኋቸው። ያስቸገረኝ «ገብረ» ነው። ቃሉ በግዕዝ ድምፅ፣ ማለትም እንደ «ረ» እና «ለ» ባለ የመጀመሪያ ቤት ፊደል ካለቀ ቀጣዩን ጨምር ብዬ ደንብ ላወጣ ስል፣ «አበበ» እና «ከበደ» መጡብኝ። እነሱም በግዕዝ ያልቃሉ፤ ግን ሙሉ ስም ናቸው። «ኃይሌ» ብቻውን ይቆማል፣ «ኃይለ» አይቆምም። ይሄን ኮምፒውተሩ ከየት ያውቃል?

ስለዚህ በእጄ ዝርዝር ጻፍኩ፦ ገብረ፣ ወልደ፣ ተክለ፣ ወለተ፣ ኃይለ። «ኃይለ»ን ብቻ በሀ፣ በሃ፣ በሐ፣ በኀ እየቀያየርኩ ደጋገምኩት፤ መዝጋቢው እንደመጣለት ነው የጻፈው። የመጀመሪያው ቃል ከዝርዝሩ ውስጥ ከሆነ፣ በ1 ፈንታ 2 እሰጣለሁ። ቃላቱ መሃል ሁለት ክፍት ቦታ ካለ ይበላሻልና አስቀድሜ ወደ አንድ እቀይራለሁ።

ዝርዝሩን ለባለቤቷ አሳየኋት። ከላይ እስከ ታች አየችና «ፍቅረስ?» አለችኝ። ፍቅረ ማርያም የገዛ አባቷ ስም ነው።