ማን ያስታውሰዋል?

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ለሥራ ተቀምጬ ምንም ሳልሠራ መሸ። ሙቀቱ ይሁን ድካሙ አላውቅም፤ ብቻ ከውጭ የአንድ ሕፃን ኮልታፋ ድምፅ እናቱን ደጋግሞ ሲጠራ ሰማሁና ልቤ ልጄ አፏን ወደፈታችበት ወደዚያ በጋ ሄደ። ያኔ አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ሆኗት ነበር። ጠዋት ጠዋት ጫማዋን በእጇ ይዛ በሩ ሥር ትቆማለች፤ እኛም ሌላ ዕቅድ ቢኖረን እንኳ እንደሌለን ሆነን ይዘናት ወደ ሐይቁ ዳር እንወርዳለን።

የምታውቃቸው ቃላት ጥቂት ቢሆኑም ዓለሙን ሁሉ ለማዳረስ አልቸገራትም። ውሻን «ውው» ብላ ከጠራች በኋላ ፍየሉም ፈረሱም ውው ሆኑ፤ አንድ ቀን ደግሞ የጣሉትን ቁልፍ ፍለጋ ሣሩ ላይ ተንበርክከው በእጃቸው ይዳብሱ የነበሩ አንድ የተከበሩ ሰው ያው ስም ደረሳቸው። የሕፃናትን ቋንቋ የሚያጠኑ ሰዎች አንዱን ቃል እንዲህ ለብዙ ነገር ማዋል በዚያ ዕድሜ የተለመደ መሆኑን ይናገራሉ፤ መስማትና መረዳት ከመናገር ስለሚቀድም፣ ልጁ ልዩነቱን እያወቀ ቃሉ ብቻ ሊያጥረው ይችላል። «ፈረሱ የታለ?» ስላት ጣቷን በቀጥታ ወደ ፈረሱ ትቀስር ስለነበር በዚህ ነገር አምናቸዋለሁ። ለሰውየው ግን ይህን ሁሉ ለማስረዳት ጊዜው አልነበረም።

እኔ አብልጬ የምወድላት «አለቀ» የምትለውን ነበር። መጀመሪያ ያለቀው ውሃ ነው፤ ኩባያዋን ትዘቀዝቅና የመጨረሻዋ ጠብታ እግሯ ላይ እስክትወድቅ ጠብቃ፣ ሁለት መዳፏን ወደ ላይ ዘርግታ ታውጃለች። ከዚያ ዳክዬዋ ራሷን ውሃው ውስጥ ስትቀብር አለቀች፤ መልሳ ብቅ ስትል ልጄ ያታለልኳት እኔ የሆንኩ ይመስል ዞር ብላ በቁጣ አየችኝ። አያቷ ተሰናብተውን መንገዱን ተሻግረው ሲሄዱ ደግሞ በሰፈሩ ሁሉ እስኪሰማ «አባባ አለቀ!» ብላ ጮኸች። አባባም ከማዶ ዘወር ብለው፣ «ኧረ ገና ነኝ፣ ልጄ!» አሉ።

ይህን እያሰብኩ ሳለ ነው ነገሩ ወደ ሌላ የዞረብኝ፦ ያ በጋ የማን ነው? የእርሷ እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ብዙ ጎልማሶች የሚያስታውሱት የመጀመሪያ ነገር በአማካይ ከ3 እስከ 3 ዓመት ተኩል ባለው ዕድሜ የሆነውን ነው፤ ከዚያ በፊት ያለው ጨርሶ ይጠፋል፣ ወይም ብጥስጣሹ ብቻ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ የሆነ በአይጦች ላይ የተደረገ ምርምር፣ ሂፖካምፐስ በተባለው የአንጎል ክፍል በጨቅላነት በብዛት የሚፈጠሩት አዳዲስ ሕዋሳት ቀድሞ የተቀመጠውን ትዝታ እንደሚያስረሱ አሳይቷል። በሰው ልጅም እንዲሁ ከሆነ፣ ልጄ ያን በጋ የረሳችው በማደጓ ነው ማለት ነው፤ እናት በዚህ ቅር ልትሰኝ አይገባም፣ እኔ ግን ትንሽ ቅር ብሎኛል።

እርሷ ደግሞ አልረሳሁም ባይ ናት። ስለ ዳክዬዋ ከእኔ በተሻለ ትተርካለች፤ እኔ ያልነገርኳትን ቀይ ጀልባ ሁሉ ትጨምርበታለች። ጀልባው ከየት እንደመጣ ብመረምር፣ አባቷ ባነሳው ፎቶግራፍ ጥግ ላይ አገኘሁት። በኋላ ላይ ግን አንድ ነገር አስደነገጠኝ፦ እኔ ራሴ የማስታውሳት ልጅ ሁልጊዜ ያንኑ ባርኔጣ አድርጋ ነው የምትታየኝ፤ ባርኔጣው ያለው ደግሞ በዚያው ፎቶግራፍ ላይ ነው።

ዳርዊን የታደለ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1839 የተወለደለትን የበኩር ልጁን ነገር በማስታወሻ እየያዘ አቆይቶ፣ ከ37 ዓመት በኋላ አውጥቶ በ1877 አሳተመው፤ ልጁ ልክ ዓመት ሲሞላው ለምግብ «መም» የሚል ቃል ከራሱ እንደፈጠረ እንኳ ዛሬ የምናውቀው ከዚያ ነው። እኔም እኮ በዚያ በጋ ማስታወሻ ይዤ ነበር! ይህ ትዝ ሲለኝ የጀመርኩትን ሥራ ጨርሼ ትቼ ደብተሩን ስፈልግ ዋልኩ ማለት ይቻላል። አገኘሁት። አብዛኛው በስንት ሰዓት እንደተኛችና በስንት ሰዓት እንደነቃች የሚያትት ነው፤ ዳርዊን ቢያየው ያዝንልኝ ነበር። አንድ ገጽ ላይ ግን በትልልቁ ተጽፏል፦ «ዛሬ አዲስ ቃል ተናገረች፤ በሳቅ ገደለችን! አሁን ደክሞኛል፣ ነገ እጽፈዋለሁ።» የነገው ገጽ ስለ ፀሐይ መከላከያ ቅባት ማለቅ ነው የሚናገረው።

አባቷን ጠየቅሁት፤ መሳቃችንን ብቻ ነው የሚያስታውሰው። ማታ ልጅቱን ራሷን ስጠይቃት ለአፍታ እንኳ ሳታመነታ፣ «ቢራቢሮ ነዋ!» አለችኝ። የአንድ ዓመት ተኩል ሕፃን «ቢራቢሮ» ማለት እንደማይሆንላት አላጣሁትም። ሆኖም በገጹ ኅዳግ ላይ ከጥያቄ ምልክት ጋር ጻፍኩት፤ አሁን ደግሞ የጥያቄ ምልክቱን ላጥፋው ላጥፋው እያለኝ ነው።