የካፒቴን ኔሞን ፊልም እንዴት መዘንኩት

አዳማ ላይ ቅዳሜ ማታ ተሰብስበን ፊልም የምናይ ጓደኛሞች ነን። ካየን በኋላ ባለተራው ፍርዱን ያቀርባል፤ ሌሎቻችን እንሟገተዋለን። ተራው ሲደርሰኝ የመረጥኩት «ሃያ ሺህ ሊግ ከባሕር በታች»ን ነው። ዡል ቬርን በ1870 እ.ኤ.አ. ካሳተመው ልብ ወለድ ዲዝኒ በ1954 የሠራው ፊልም ነው።

አስቀድሜ መጽሐፉን አነበብኩ። ፊልሙን ሳይ ግን ዘግቼ አስቀመጥኩት። አለበለዚያ የጎደለውን መቁጠር ብቻ ይሆናል ሥራችን፤ የሚጎድል ደግሞ መቼም አይጠፋም። ለምሳሌ በመጽሐፉ ናውቲለስ የተባለችው የካፒቴን ኔሞ ሰርጓጅ መርከብ ቀይ ባሕርን አቋርጣ፣ ከስዊዝ ሥር ባለ ስውር ዋሻ ሜድትራንያን ትገባለች። የስዊዝ ቦይ ገና ሳይከፈት ማለት ነው! ወደ ጅቡቲ የሚወርደውን ባቡር እያየ ላደገ የአዳማ ልጅ ይህ ምዕራፍ ልዩ ነው። ፊልሙ ውስጥ የለም። ቅር ብሎኛል፣ ነጥብ ግን አልቀነስኩበትም። ኔሞ ያለ ዋሻውም ኔሞ ነው።

መለኪያዬ ራሱ ኔሞ ነበር። ከዓለም ተጣልቶ ባሕር ውስጥ የገባ፣ ግን ለሰው አንጀቱ የሚላወስ ሰው ነው። በመጽሐፉ ሲሎን (የዛሬዋ ስሪላንካ) አጠገብ አንድ ድሃ ዕንቁ ጠላቂ ከሻርክ ያድናል፤ ዕንቁም ይሰጠዋል። እኔም የተጨቆነው ሕዝብ ወገን ነኝ ይላል። ግዙፎቹ የባሕር አውሬዎች ሲመጡባቸው መርከቡ ላይ እስረኛ የሆነውን ዓሣ ነባሪ አዳኝ ኔድ ላንድን ከሞት የሚያተርፈው እሱ ነው፤ ለሞተው ባልደረባው ደግሞ ያለቅሳል። በፊልሙ ተገላቢጦሽ ነው፤ ኔድ ኔሞን ያድናል። ኔድን የሚጫወተው ኮከቡ ኪርክ ዳግላስ ስለሆነ ጀግንነቱ ወደ እሱ ዞሯል። ኔሞን የሚጫወተው ጄምስ ሜሰን ግን በረጋ ድምፁና በዓይኑ ብቻ የገጸ ባሕርዩን ክብር ጠብቆታል። ቁጣው ሙሉ ነው። የጎደለው ርኅራኄው ነው፤ ያ ደግሞ ትልቅ ነገር ነው።

ሁለተኛው ዘዴዬ መጽሐፉን ያላነበበ ሰው አጠገቤ ማስቀመጥ ነው። የአንዱ ጓደኛችን አባት፣ የባቡር ጡረተኛ፣ አብረውን አዩ። መሃል ላይ «ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ መርከብ የሚያሰጥመው ምን ሆኖ ነው?» አሉኝ። ዝም አልኩ። ትንሽ ቆይቶ ኔሞ በባርነት እንደማቀቀ፣ ሚስትና ልጁም እንደተገደሉበት ሲሰሙ «አሃ!» አሉ። ፊልሙ ራሱን ችሎ ይቆማል ማለት ነው።

ያ ዝነኛ የአውሬ ውጊያ መጀመሪያ የተቀረጸው በረጋ ባሕር ላይ ነበር። የውሸት መሆኑ ስላስታወቀ በማዕበልና በጨለማ እንደገና ቀረጹት። ደግ አደረጉ፤ እኛ ክፍል ውስጥ ሻዩን ያስታወሰ አልነበረም።

ከአሥር ሰባት ሰጠሁት። ሁለቱን የቀነስኩት ለዕንቁ ጠላቂውና ለዚያ እንባ ነው። አንዱን ደግሞ ፊልሙ ውስጥ የሚታዩትን የደሴት ሰዎች መሳቂያ ስላደረጋቸው፤ በዚህስ አልደራደርም።