ሎሚ፣ ሩምና ማር፦ ዳይኪሪን በሱሉልታ

ዳይኪሪ ለሚባለው የኩባ የሩም መጠጥ ከእኛ ሎሚ የሚሻል አላውቅም። ይህን የምለው ለአገሬ አድልቼ አይደለም። ትልቁ ቢጫ የፈረንጅ ሎሚ ሌላ ዝርያ ነው። ኩባውያን ከጥንት ጀምሮ ከሸንኮራ አገዳ በሚያወጡት ሩም ላይ የሚጨምቁት ግን ከአዲሱ ገበያ በፌስታል ገዝቼ የእንጦጦን ዳገት ይዤው የምወጣውን ዓይነት ሎሚ ነው፤ ትንሽ፣ ልጡ ስስ፣ ፍሬው የበዛ፣ ጠረኑ ከሩቅ የሚጣራ።

የምሠራው ሱሉልታ፣ ወደ ጎጃም በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ ባር ውስጥ ነው። ቅዳሜና እሑድ ከከተማ የሚመጡ እንግዶች ኮክቴል ሲያዙ ብዙዎቹ የሚጠብቁት ቀለሙ የደመቀ፣ በጭማቂና በሽሮፕ የተሞላ ረጅም ብርጭቆ ነው። ያንን መጠጥ አልወደውም። ጣፋጩ ሁሉንም ሸፍኖት ምን እንደጠጡ እንኳ ሳያውቁ ይነሳሉ። ዳይኪሪ ግን መሸሸጊያ የለውም፤ ሩም፣ ሎሚ፣ ስኳር፣ አለቀ።

ስሙን ያገኘው በደቡብ ምሥራቅ ኩባ፣ ከሳንቲያጎ ከተማ አቅራቢያ ከምትገኝ ዳይኪሪ ከምትባል የባሕር ዳርቻ መንደር ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1898 አሜሪካ ከስፔን ጋር ስትዋጋ ጦሯን ያወረደችው እዚያ ነበር። በዚያው ዘመን በአካባቢው የብረት ማዕድን ማውጫ ይሠራ የነበረ ጄኒንግስ ኮክስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ፣ እንግዶች መጥተውበት ጂን ቢያልቅበት ሩም በሎሚና በስኳር ቀላቅሎ አቀረበ ይባላል። ታሪኩ ደስ ይላል፤ ክብሩን ሁሉ ለኮክስ መስጠት ግን አይዋጥልኝም። የኩባ አርበኞች በ1868 በጀመረው የነፃነት ጦርነት ካንቻንቻራ የሚሉትን መጠጥ ይጠጡ ነበር፤ ከሸንኮራ አገዳ የወጣ አረቄ፣ ማርና ሎሚ። ማሩ በስኳር ተተካ፣ በረዶ ተጨመረ፤ ልዩነቱ ይኸው ነው ባይ ነኝ።

አሠራሩ ቀላል ቢመስልም ቸልታን አይወድም። 60 ሚሊ ሊትር ነጭ ሩም፣ 20 ሚሊ ሊትር ሎሚ፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር። ስኳራችን ሸካራ ስለሆነ መጀመሪያ ሎሚው ውስጥ መሟሟት አለበት፤ ቀዝቃዛ አልኮል ውስጥ ከገባማ ከታች ይዘቅጣል። ሎሚ ጠዋት ጨምቆ በጠርሙስ ማስቀመጥ የተለመደ ነው። እባካችሁ አታድርጉት፤ ማታ ላይ ጠረኑ ጠፍቶ ኮምጣጣነቱ ብቻ ይቀራል። ልጡ እስኪጨማደድ መጭመቅም አይገባም፤ ምሬቱ አብሮ ይወጣል። ሁሉም ደግሞ በመለኪያ እንጂ በዓይን ግምት አይሆንም። 5 ሚሊ ሊትር ሎሚ ቢበዛ ወይም ቢያንስ ምላስ ወዲያው ያውቀዋል።

በረዶን የማቀዝቀዣ ጉዳይ ብቻ አድርገው የሚያዩት ባርማኖች ያሳዝኑኛል። በረዶው ሼከር በሚባለው የመጠጥ መናጫ ውስጥ ሲቀልጥ የሚሰጠው ውሃ የመጠጡ አካል ነው፤ ተንጦ ብርጭቆ ውስጥ ከሚገባው ሩብ ያህሉ እሱ ነው። ስለዚህ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ በከፊል ቀልጦ እንደገና የተጣበቀውን በረዶ አልጠቀምም፤ ገና መናጥ ሲጀመር መጠጡን ያቀጥነዋል። ደረቅና ትልልቅ በረዶ ሼከሩን ሞልቼ ለአሥር ሴኮንድ ያህል በኃይል እንጣለሁ። ብረቱ ላይ ውርጭ ሲነጣና እጅ ሲያቃጥል ይበቃል። ከዚያ በወንፊት አጥልሎ፣ ቀድሞ በቀዘቀዘ ብርጭቆ።

በነገራችን ላይ ቃሉ ጥብቅ በነበረበት ዘመን ዳይኪሪ ኮክቴል አይባልም ነበር። በ1806 ኒው ዮርክ ግዛት፣ ሃድሰን ከተማ ይታተም የነበረ ጋዜጣ ኮክቴል ማለት ጠንካራ አልኮል፣ ስኳር፣ ውሃና ቢተርስ ነው ብሎ ጽፏል። ቢተርስ መራራ ሥሮችና ቅመሞች ተዘፍዝፈው የሚወጣ ጠንካራ ፈሳሽ ነው፤ ዳይኪሪ ውስጥ አይገባም። ዛሬ በየባሩ የሚታየውን አንጎስቱራን በ1824 ቬኔዙዌላ ውስጥ የቀመመው ዚገርት የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ነው። ኦልድ ፋሽንድ የሚባለው የውስኪ ኮክቴል የዚያ የጥንቱ ቀመር ቅሪት ነው። ጠጅ በጌሾ ሲጣል ላየ ሰው ጣፋጭ ለምን መራራ እንደሚፈልግ ማስረዳት አያስፈልግም።

የሱሉልታ ብርድ ሲጠና ግን እኔ የምመለሰው ወደ ካንቻንቻራ ነው። ማሩ እዚሁ አለ፣ አረቄውም አለ። 15 ሚሊ ሊትር ማር በ50 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃ አሟሟለሁ፤ የፈላ ውሃ የማሩን ጠረን ይገድለዋል። ጠቆር ያለ ማር ከአረቄው ጋር ይጣላልና ነጣ ያለውን እመርጣለሁ። ሁለት ጊዜ የተጣራው ዳግም አረቄ ከማምናቸው ጠማቂ እናት እጅ የመጣ መሆን አለበት፤ በዚህ አልደራደርም። ኩባውያን 60 ሚሊ ሊትር ይጨምራሉ፤ የእኛው ጠረኑ ስለሚያይል ከ45 አላሳልፍም፤ ሎሚውን ግን ከእነሱ 15 ወደ 20 ከፍ አደርገዋለሁ። ይህ አይናጥም፤ በማንኪያ ተማስሎ በሸክላ ኩባያ ይቀርባል።