የእማዬ በርጩማ

ዛሬም ዘነበ። ሐምሌ ነው፣ ጅማ ነው፣ ሌላ ምን ይጠበቃል። ጠዋት ስነሳ ያለ ምክንያት ደብሮኝ ስለነበር ግን ዝናቡ ለኔ ተብሎ የመጣ መሰለኝ።

እማዬ ቡና ስታፈላ የምትቀመጥባት በርጩማ ተሰንጥቃ ቀሚሷን እየያዘች አስቸግራታለች። አዲስ ልገዛላት ወደ መርካቶ ወረድኩ። ሻጩ ሽማግሌ ናቸው። አንዷን ገልብጠው በጣታቸው መታ መታ አደረጉልኝና “ዋንዛ ነው ልጄ፣ ከአንድ ግንድ የወጣ። ሚስማር የለው፣ ኮላ የለው” አሉኝ። ከሥር የመጥረቢያው ምልክት ተደራርቦ ይታያል፤ ላይዋ ደግሞ እንደ ሳህን ጎድጎድ ብላ ለስልሳለች። “ሦስት እግር ስለሆነች ወለሉ ቢጎረብጥም አትነቃነቅም።” ከዚያ ከላይ እስከ ታች አዩኝና “አንቺም አጠር ያልሽ ነሽ፣ ይቺ ልክሽ ናት።”

ክፋት የላቸውም፣ ለእማዬ መሆኑንም አልነገርኳቸውም። ግን ጆሮዬ ጋለ።

የምታውቁኝ ታውቁታላችሁ፤ ዩኒቨርሲቲ ግቢ እያለሁ ስሜ በርጩማ ነበር።

የተመደብኩት ሩቅ ነው። አዲስ አበባ ድረስ 350 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ የአንድ ቀን መንገድ። በመጀመሪያው ሳምንት “ከየት ነሽ?” ሲሉኝ ደረቴን ነፍቼ “ከጅማ” አልኩ። አጭር፣ የጅማ ልጅ፣ በርጩማ። ሒሳቡ ቀላል ነው። ስሙን ያወጣልኝ ልጅ ክፉ አልነበረም፣ ኋላ ኖት ሁሉ አውሶኛል። ሁሉም ሳቁ፣ እኔ ደግሞ ከሁሉም በላይ ሳቅኩ። ፍሬሽ ሆነሽ ሙድ ሲያዝብሽ አብረሽ ካልሳቅሽ “አካባጅ” ትባያለሽ፣ እሱ ደግሞ ከበርጩማ የባሰ ስም ነው።

እዚያ ላይ ቢቆም ምንም አልነበረም። በርጩማ ግን ሰው የሚቀመጥበት ዕቃ ነው። ወር ሳይሞላ የካፌ ሰልፍ ላይ የማላውቃቸው ሲኒየሮች “በርጩማ፣ ደክሞኛል፣ ልቀመጥብሽ?” ማለት ጀመሩ። ሚል ካርዴን ይዤ መሬት መሬት አያለሁ፤ ከኋላዬ ያለችው ልጅ ሳቋን ስታፍን ይሰማኛል። ቀጥሎ የሴክሽናችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ፊቴን በሦስት እግር ላይ ለጥፈው ስቲከር ሠሩልኝ። ስቲከር ደግሞ መድኃኒት የለውም፤ አንዱ ሲልከው ሌላው ለራሱ ያስቀምጠዋል። ካፌ መሄድ ትቼ ዶርም ውስጥ በሶ እየበጠበጥኩ ከረምኩ።

ከኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ሕግ የምትማር ሲኒየር ነበረች። ታሪኩን ስትሰማ ሳትስቅ የቀረች የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ናት። “በአፍ ሲሉሽ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 615 አለ፣ ስድብና ማዋረድ፣ እስከ 3 ወር እስራት። አንቺ አቤት ካላልሽ ግን የሚነሳ ክስ አይደለም። በስልክ ሲያደርጉት ደግሞ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጁ አለ፣ 958/2008፣ አንቀጽ 13ን እዪው። ስክሪንሾት አንሺ፣ ቀኑን ጻፊ፣ አብሮሽ ማን እንደነበር ያዢ” አለችኝ። እኔ ጀግና ግን በንዴት ግሩፑን ከነመልእክቱ ጠርጌ አጥፍቼዋለሁ።

ቢሆንም አቤት ልል ሄድኩ። ቢሮ ያሉት ሴትዮ ቅጽ ሰጡኝ። “የተፈጸመው ድርጊት” ከሚለው ሥር አንድ መስመር ክፍት ቦታ አለ። “በርጩማ ብለውኝ” ብዬ ጻፍኩ። መልሼ ሳነበው ራሴ ሳቄ መጣ። ካፌ ሰልፍ ላይ ጉልበቴ የሚንቀጠቀጥበት፣ ማታ ሽንት ቤት ለመሄድ ሰው የምቀሰቅስበት ነገር ወረቀት ላይ ሲወርድ ይችን አከለ። ቀድጄው ወጣሁ።

ዝናቡን የሱቅ በረንዳ ላይ ቆሜ ሳሳልፍ ይሄን ሁሉ እየቆጠርኩ እነሱን ስረግም ነበር። ስቲከሩን የሠራውን፣ የሳቀችውን፣ መስመሩን ያሳጠረውን። መሀል ላይ ጓዳ ትዝ አለችኝ።

ጓዳን የዚያን ጊዜ ዶርም የነበራችሁ ብቻ ናችሁ የምታውቋት። በሩ አጠገብ ታችኛው አልጋ ላይ የነበረችው ዝምተኛ። ከቤት ያመጣችውን ቆሎ በቆርቆሮ አድርጋ ሎከሯ ውስጥ ትቆልፍበታለች፤ ማታ መብራት ሲጠፋ ትከፍታለች። ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ስቲከሩ በወጣ ሳምንት ይመስለኛል። “ዝም በሉ፣ ጓዳ ተከፈተች!” አልኩ በጨለማው። ዶርሙ በሳቅ ፈረሰ። ለመጀመሪያ ጊዜ በኔ ያልሆነ ሳቅ። እንዴት እንደጣፈጠኝ ልዋሽ አልችልም።

ከዚያ በኋላ ቆሎውን ከቆርቆሮው አውጥታ በነጠላዋ ጫፍ መቋጠር ጀመረች። ድምፅ እንዳያሰማ ነው። እሱንም አይቼ ቀልጄበታለሁ።

መጋቢት 2012 ኮሮና ገብቶ ወደየቤታችሁ ስንባል፣ ሁላችንም ሻንጣ ስናስር የቀረውን ቆሎ ለየመዳፋችን አካፈለችን። “መንገድ ላይ ትበሉታላችሁ።” ስንመለስ አልጋዋ ላይ ሌላ ልጅ ነበረች። ወይ አግብታለች፣ ወይ ግቢ ቀይራለች፣ ወይ የቤት ችግር። በዚያ ዓመት ያልተመለሰ ሰው ብዙ ነው። “ጓዳ ጓዳ ገባች” አልኩ፤ ተሳቀ። እኔ ቅጽ ሞልቼበታለሁ፣ እሷስ ምን ብላ ትጽፍ ነበር? “ጓዳ ብላኝ”?

ዝናቡ ሲያባራ ባጃጅ ይዤ ገባሁ። ስልኬን ከፍቼ ፈለግኳት። “ጓዳ ዶርም” ብዬ ነው የመዘገብኳት። ቁጥሩ አይሠራም። ቴሌግራሟ ለረጅም ጊዜ እንዳልታየች ይናገራል። ቢሆንም ልጻፍላት ብዬ “ሰላም” አልኩና ቀጥሎ ስሟን ልጽፍ ስል እጄ ቆመ።

“በርጩማዋስ?” አለች እማዬ ከጓዳ ብቅ ብላ። ለካ ሳልገዛ ነው የመጣሁት።

ስሟ በትዕ የሚጀምር ይመስለኛል። ወይ በጥ። ዶርም አብራችሁኝ የነበራችሁ፣ ይሄን ካያችሁ በውስጥ ስሟን ላኩልኝ። ጓዳ ብላችሁ እንዳትልኩ፣ እሱንማ አውቀዋለሁ።