ያልነካኋት ብሎን፦ የደሴ ካሴቶችን ወደ ኮምፒውተር ስገለብጥ የት ላይ እንደተሳሳትኩ

43 ካሴት ነው፣ አንድ የሳሙና ካርቶን ሙሉ። ግማሹ በጊዜው ከደሴ ሙዚቃ ቤቶች የተገዛ፣ ግማሹ ቤት ውስጥ የተቀዳ ነው። ላያቸው ላይ በእስክሪብቶ «ሰርግ»፣ «ላሊበላ ኪነት»፣ «ልዩ ልዩ»፣ «የውጭ» ተብሎ ተጽፏል። ሰምቼው የማላውቀው ሙዚቃ ፍለጋ ዩቲዩብ ላይ ማምሸት ከሰለቸኝ ቆይቷል። የጎረቤት ቁምሳጥን አናት ላይ የተሻለ እንዳለ የገባኝ ይህንን ካርቶን ሳወርድ ነው።

ሥራው አምስት ወር ፈጀብኝ። ሁለት ወር ይበቃው ነበር፤ ሦስቱ የባከነው በአንዲት ብሎን ነው።

መጀመሪያ ቀላሉን ላሳልፍ። ቴፑ አሮጌም ቢሆን በመብራት የሚሠራ፣ ትልቅና ከባድ ቢሆን ይመረጣል። ካሴት ከትቶ ፍላሽ ላይ ይገለብጣል እየተባለ የሚሸጠውን የኪስ ፕላስቲክ አትግዙ፤ ፍጥነቱ ይዋዥቃል። አሮጌውን ስትገዙ ዋሽንት ወይም ኦርጋን ረዘም አድርጎ የሚይዝበት ዘፈን አስገቡና ስሙ። ድምፁ ከተንቀጠቀጠ ቺንጊያው ላልቷል፤ ቺንጊያ ማስቀየር ግን ውድ አይደለም። ሄዱን፣ ማለትም ክሩን የሚያነበውን ብረት፣ በጆሮ ጥጥና በአልኮል አጽዱ። አልኮሉ 90 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነው ይሁን፤ ለእጅ የሚሸጠው ውሃና ግሊሰሪን አለበት። ጥጡ ቡናማ መሆኑን እስኪያቆም ድረስ አትቁሙ፣ በየአምስት ካሴቱም ድገሙት። ክሩን የሚጎትተውን ጎማ ግን በአልኮል ደጋግሞ ማሸት ያደርቀዋል፤ እርጥብ ጨርቅ ይበቃዋል።

ካሴቱን ከመክተታችሁ በፊት ከጀርባው ያሉትን ሁለቱን ትንንሽ ጥርሶች ስበሩ። እነሱ ከሌሉ ቴፑ አይቀዳበትም። በስህተት የመቅጃውን ቁልፍ ብትጫኑ 30 ዓመት የቆየ ሰርግ በእናንተ ሳሎን ዝምታ ይተካል። ከዚያ እስከ መጨረሻው አጠንጥኑና መልሱት፤ ዓመታት ሳይንቀሳቀስ የቆየ ክር እርስ በርሱ ይያያዛል። በክሩ ጀርባ ያለችውን ትንሽ የሱፍ ቁራጭም እዩ። ማጣበቂያዋ ደርቆ ወድቃ ከሆነ ክሩ ሄዱን አይነካም፣ ድምፁም ከጎረቤት ግድግዳ አልፎ የሚመጣ ይመስላል። ከማይረባ ካሴት አውጥታችሁ በጠብታ ሱፐር ግሉ መተካት ነው። የተበጠሰ ክር በተራ ስኮች አትቀጥሉ፤ ማጣበቂያው እየቀለጠ ሄዱ ላይ ይቀራል።

ደሴ ብርድና ጉም ስላለ ቁም ሳጥን ውስጥ የታፈነ ካሴት ይሻግታል። በመስኮቷ በኩል ስታዩት ክሩ ጠርዝ ላይ ነጭ አቧራ ከታያችሁ አታጫውቱት፤ ሻጋታው ወደ ቴፑ፣ ከቴፑ ደግሞ ወደ ሌሎቹ ካሴቶች ይሄዳል። እኔ ደጅ ላይ፣ አፍንጫዬን ሸፍኜ፣ ክሩን በእጄ እያዞርኩ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ጠረግኩ። ከኮምቦልቻ የመጡት አራት ካሴቶች ሻጋታ የላቸውም፤ መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ የከረሙ ናቸውና ቅርፊታቸው ጠሟል። አምስት ብሎን ያለው ቅርፊት ከሆነ ይፈታል፣ ክሩንም ወደ ጤነኛ ቅርፊት ማዛወር ነው። የተጣበቀ ከሆነ በቢላ መክፈት ግድ ይላል።

ግንኙነቱ ላይ ሁለት ነገር ብቻ ልበል። የላፕቶፕ አንዷ ቀዳዳ ማይክ ናት። ከቴፕ የሚመጣው ድምፅ ይበዛባታል፣ ግራና ቀኙንም አንድ ታደርገዋለች። መስመር መግቢያ (line in) ያለው፣ በስቴሪዮ የሚቀበል የዩኤስቢ ድምፅ ካርድ ፈልጉ። ርካሾቹ አብዛኞቹ የማይክ መግቢያቸው ሞኖ ስለሆነ ገዝታችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ሱቁ ውስጥ ሞክሩት። ሁለተኛው «ውምምም» የሚለው የመብራት ድምፅ ነው። ቻርጀሩን ከላፕቶፑ ስትነቅሉ ብዙ ጊዜ ይጠፋል፣ በባትሪ ሥሩ። ድምፁን ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ መቅጃ ፕሮግራም ላይ ከፍተኛው ከመቀነስ 6 ዲሲቤል እንዳያልፍ አድርጋችሁ በ44,100 ኸርዝ ቅዱ። መብራት ቢጠፋ ላፕቶፑ ይቀጥላል፣ ቴፑ ግን ባለበት ይቆማል፤ ጎማው ክሩን ነክሶ እንደያዘ ነው። ወዲያው የማቆሚያውን ቁልፍ ተጫኑ። ትቶ ቡና ለመጠጣት የሄደ ሰው ሲመለስ የሚያገኘው ክሩ ላይ የታተመ ጠባሳ፣ ባስ ካለም በጎማው ዙሪያ የተጠመጠመ ክር ነው።

አሁን ወደ ብሎኗ።

ሄዱ ላይ ክሩን የምታነብ በዓይን የማትታይ ስንጥቅ አለች። ስንጥቋ ከክሩ አቅጣጫ ጋር ልክ 90 ዲግሪ መቆም አለባት። ካሴት በሰከንድ 4.76 ሴንቲሜትር ነው የሚሮጠው። ስለዚህ የ100 ኸርዝ ከበሮ አንዷ ሞገድ ክሩ ላይ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ትይዛለች፤ የ10,000 ኸርዝ ድምፅ አንዷ ሞገድ ግን 4.76 ማይክሮሜትር ብቻ ናት። ስንጥቋ ጥቂት ዘንበል ካለች ከበሮው ምንም አይሆንም፣ ቀጭኑ ድምፅ ግን እርስ በርሱ ይጠፋፋል። የማሲንቆው ጭራ፣ ጭብጨባው፣ እልልታው፣ የዘፋኙ «ሰ» እና «ሸ» ይሄዳሉ። የሚቀረው ብርድ ልብስ የለበሰ ዘፈን ነው።

ፋብሪካ የተቀዳ ካሴት በአብዛኛው ቀጥ ባለ ሄድ የተቀዳ ነው። ቤት የተቀዳው ግን በዚያ ቤት ቴፕ ነው የተቀዳው፣ የዚያ ቴፕ ሄድ ደግሞ ምን ያህል እንደተንጋደደ የሚያውቅ የለም። ያ ሄድ ከተንጋደደ እናንተም ሄዳችሁን በዚያው ልክ ማንጋደድ አለባችሁ። ይህንን የምትሠራው ከሄዱ ጎን ካሉት ሁለት ብሎኖች ከሥሯ ስፕሪንግ ያላት ነች፤ ብዙ ጊዜ አናቷ ላይ የቀለም ጠብታ አለ። የቴፑ መመሪያ አትንኩ ይላል። ጥገና ቤትም «እሷን ከነካህ አትምጣብኝ» አለኝ። እኔም ሰማሁ። ለፋብሪካ ካሴት ምክራቸው ልክ ነው። ሠርግ ቤት፣ መድረክ ሥር፣ ሳሎን ውስጥ ለተቀዳ ካሴት ግን ስህተት ነው፤ አሁንም ድረስ ያናድደኛል።

ስላልነካኋት የሆነው ይህ ነው። «ላሊበላ ኪነት» የሚለውን ሳጫውት ድምፁ ታፍኗል። ዕድሜው ነው ብዬ ደመደምኩ። ኦዳሲቲ ላይ ቀጭኑን ድምፅ በ12 ዲሲቤል ከፍ አደረግኩ። ሄዱ ያላነበበው ድምፅ ከፍ አይልምና ከፍ ያለው «ሽሽሽ» የሚለው ብቻ ነበር። እሱን ለማጥፋት የጫጫታ መቀነሻውን 24 ላይ አደረግኩ። መሣሪያው የሚሠራው የሽሽታውን ናሙና ወስዶ ያንን የሚመስለውን ሁሉ በመቁረጥ ነው። የማሲንቆ ጭራ ሲፋቅ የሚያወጣው ድምፅ ደግሞ ሽሽታ አለበት። እልልታውም እንደዚያው። ከላይ ሲያዩት ንጹሕ፣ ሲሰሙት ውሃ ውስጥ የሚዘፈን የሆነ ነገር ወጣ። ዝምታው ጥርት ማለቱ አታለለኝ፣ «አጸዳሁት» አልኩ። ፋይሉን ለማሳነስ ከድምፁ በሚቆርጠው በኤምፒ3፣ በ128 ኪሎቢት አስቀምጬ ዋናዎቹን ፋይሎች ሰረዝኳቸው። 31 ካሴት እንዲህ አለፈ። አንድ ሰዓት ካሴት ሳይጨመቅ 600 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ 31ዱ ሲደመሩ 32 ጊጋ ፍላሽ እንኳ አይሞሉም። ለዚያች ቦታ ብዬ ነው።

የካርቶኑ ባለቤት ስልካቸው ላይ ጥቂት ሰምተው «ልጄ፣ ዘፋኙን ጉንፋን ይዞት ነበር እንዴ?» አሉኝ። 32ኛውን ስጀምር ብሎኗን ፈታሁ።

አሠራሩ፦ የካሴት ማስገቢያውን ክዳን አውልቁ፣ ብዙዎቹ ወደ ላይ ሲሳቡ ይወጣሉ። ብሎኗ የቆመችበትን በጥፍር ቀለም ምልክት አድርጉ። ካቻቢቴው ትንሽና ማግኔት የሌለው ይሁን፣ ሄዱን አያስነኩት። የጆሮ ማዳመጫ አድርጉ፣ ሞኖ የሚል ቁልፍ ካለ ተጫኑት፤ ግራና ቀኝ ሲደመሩ ስህተቱ ጎልቶ ይሰማል። ዘፈኑ እየሄደ ብሎኗን በጣም ቀስ አድርጋችሁ አዙሩ፤ ብዙ ጊዜ ከሩብ ዙር በላይ አትፈልግም። የሆነ ቦታ ላይ መጋረጃ የተከፈተ ያህል ጭብጨባው ቦግ ይላል። እለፉትና እንደገና ሲታፈን ተመለሱ፤ ትክክለኛው መሀሉ ነው። ሁለተኛውን ፊት ስትገለብጡ ድገሙት፣ አንድ ዓይነት አይሆንምና። ስትጨርሱ ወደ ምልክቱ መልሱ። ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

ብሎኗ የማትመልሰው ነገርም አለ። ከካሴት ወደ ካሴት የተገለበጠ ከሆነ በመጀመሪያው ግልበጣ የጠፋው ጠፍቷል። እንዲህ ያለውን ባለበት ተዉት። ሽሽታውን መቀነስ ካስፈለገ ከ6 ዲሲቤል አትለፉ፣ ያልተነካውን ቅጂም አትሰርዙ። ድምፁ የተሰነጣጠቀ ክራር ሁሉ ደግሞ ብልሽት አይደለም። ሮሊንግ ስቶንሶች እ.ኤ.አ. በ1968 ኪት ሪቻርድስ የእንጨት ጊታሩን በትንሽ የፊሊፕስ ካሴት መቅጃ እያስጮኸ ቀድቶ ያንን ስንጥቅ ድምፅ ወደ ስቱዲዮ ወስደውታል። ብሩስ ስፕሪንግስቲንም ለባንዱ ማስለመጃ ብሎ ቤቱ ውስጥ ባለ አራት ትራክ የካሴት መቅጃ የቀዳቸው ዘፈኖች ናቸው በ1982 አልበም ሆነው የወጡት፤ ባንዱ ስቱዲዮ ውስጥ ሲጫወታቸው ያንን ስሜት አልሰጡም። ሰርግ ላይ ከመጠን በላይ ጮሆ የተቀዳውን «ለማስተካከል» የሚሞክር ሰው ይህንን ያስብ።

ፍጥነት ላይ የምጠቁመው ሌላ ነገር አለኝ። ቴፕ 6 በመቶ ከፈጠነ ዘፈኑ በግማሽ ድምፅ ከፍ ይላል። አምባሰሉ አምባሰል፣ ባቲውም ባቲ ሆኖ ይቆያል፤ ቅኝቱ አይለወጥም። ክራራችሁን ይዛችሁ አብራችሁ ለመምታት ስትሞክሩ ግን ወይ ክር ትበጥሳላችሁ ወይ ተስፋ ትቆርጣላችሁ። ትክክለኛውን ፍጥነት የሚነግራችሁ ክሩ ላይ ያለው የመብራት ጉምጉምታ ነው። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ ሲቀዳ የገባው ጉምጉምታም 50 መሆን አለበት። ኦዳሲቲ ላይ የስፔክትረም ሥዕሉን በ65536 መጠን አውጡና የ150ውን ጫፍ (የ50ን ሦስት እጥፍ) ፈልጉ፣ ከ50ው ይልቅ ልዩነቱ እዚያ ይጎላል። 159 ላይ ካገኛችሁት ቴፑ 6 በመቶ ፈጥኗል፣ በዚያ ልክ ቀንሱ። መጀመሪያ ግን ካሴቱን አቁማችሁ ጉምጉምታው መጥፋቱን አረጋግጡ፤ አለዚያ የምትለኩት የራሳችሁን ቤት መብራት ነው። ጄኔሬተር ላይ በተቀዳ ሰርግ ይህ አይሠራም።

«የውጭ» የሚለውን ካሴት ዘፈን የሚለየው የስልክ መተግበሪያ ሻዛም አንድም ሊያውቅልኝ አልቻለም ነበር። ፍጥነቱን ሳስተካክል ግን ከመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ሁለቱ ሳንታና ሆነው ወጡ። ቀሪውን ፊት እስካሁን እየለቀምኩ ነው።

በመሀል «ላሊበላ ኪነት» የሚለው የመድረክ ቅጂ ዋናው ይኖር ይሆን ብዬ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ነበር። ደብዳቤ አምጣ ተባልኩ። ደብዳቤውን ለማግኘት ሌላ ደብዳቤ፣ ለዚያም ማመልከቻ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ያለበት ሰው የዓመት ፈቃድ ላይ ነው አሉኝ። ምክሬ አጭር ነው፦ መሥሪያ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ጎረቤት ጠይቁ። የዚያኑ ቀን ማታ ሁለት ካሴት ከፎቅ ቤት፣ አንድ ደግሞ ሆጤ ካለ ቤት አገኘሁ።

አሁን የማስቀምጠው በፍላክ ነው፤ ከዋናው ግማሽ ያህል ቦታ ይይዛል፣ ምንም አይቆርጥም። የካሴቱን ሽፋንና በእስክሪብቶ የተጻፈውንም ፎቶ አንስቼ አብሬ አኖራለሁ። ከ31ዱ 30ውን ብሎኗን እያስተካከልኩ እንደገና ቀድቻቸዋለሁ። አንደኛው የሰርግ ካሴት ግን የለም፤ የሙሽራዋ ልጅ ጅዳ ስትሄድ ይዛው ሄዳለች። እኔ ዘንድ የቀረው በ128 የተቀመጠው፣ እልልታው የተቆረጠው ነው።